የስላይዱ ቀለሞች

በወባ ወቅት ማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ውበት የሚያስብበት ጊዜ ያለው አይመስልም። ዝናቡ ቆሞ ያቆረው ውሃ ፀሐይ ማግኘት ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ከሾኔ ከተማ ዙሪያ ቀበሌዎች፣ በተለይም ወደ ብላቴ ወንዝ ከሚወርደው ቆላ፣ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ወደ ከተማዋ ይመጣል። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ሰዉ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ መንገድ ጨርሶ ለመመለስ ስለሚፈልግ የላቦራቶሪው አግዳሚ ወንበር ገና በጠዋቱ ይሞላል። ልጅ ያዘለችውም፣ ካርዱን በእጁ የጠቀለለውም በመስኮቱ ብቅ እያለ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ «ዶክተር፣ ውጤት ደረሰ?» ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ማረም ከተወ ቆይቷል።

ከዚያ መስኮት ጀርባ የምትሠራ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ በመሳቢያዋ ውስጥ አንድ ወፍራም ደብተርና ባለ ቀለም እርሳሶች አሏት። የሥራ መዝገብ አይደለም። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቁጥር፣ ቀን፣ «ፖዘቲቭ»፣ «ኔጌቲቭ» ይላል። ደብተሩ ውስጥ ያለው ሥዕል ነው፦ የደም ሕዋሶች፣ የወባ ተውሳኮች፣ የወስፋት እንቁላል፣ ሽንት ውስጥ የሚገኙ ክሪስታሎች። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰችም፤ ሠዓሊ ነሽ ቢሏት ትስቃለች። ሥዕሎቹ ግን ሥዕል ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በግዴታ ነው። በአገራችን የላቦራቶሪ ትምህርት የቀሰመ ሁሉ እንደሚያውቀው በተግባር ክፍለ ጊዜ ተማሪው በማይክሮስኮፕ ያየውን መሳል አለበት። አብዛኛው ተማሪ ከመጽሐፍ ወይም ከጓደኛው ገልብጦ ያስረክባል፤ ከተመረቀ በኋላ ያንን እርሳስ ተመልሶ አያነሣውም። እሷ አነሣችው። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ ደህና የተቀባ ስላይድ ስታይ ዝም ብላ ማጠቡ ይቆጫታል።

ደህና የተቀባ ስላይድ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሥራውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የታማሚው ጣት በአልኮል ይጠረጋል፣ ሲደርቅ በላንሴት ይወጋል፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ በደረቅ ጥጥ ትነሣለች። ከዚያ አንዲት ብርጭቆ ስላይድ ላይ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው ወፍራሙ ነው፤ ጠብታዋ በሌላ ስላይድ ጠርዝ ክብ እየተደረገች አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ትዘረጋለች። ልኳ የታወቀ ነው፤ ከሥሯ ጋዜጣ ቢደረግ ፊደሉ መነበብ አለበት። ሁለተኛው ቀጭኑ ነው። ማሰራጫው ስላይድ በ45 ዲግሪ ይያዝና ጠብታዋን ነክቶ እስኪበተንለት አንድ አፍታ ይጠብቃል፤ ከዚያም ሳይቆም፣ ሳይንቀጠቀጥ ወደ ፊት ይገፋል። እጅ ከተጠራጠረ መስመር መስመር ይሠራል፤ ከቸኮለም ያጥራል። በትክክል ከተገፋ ደሙ እየሳሳ ሄዶ እንደ ላባ ጫፍ ያልቃል፤ ሕዋሶቹ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚተኙት እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ይህን እንቅስቃሴ ማንም በቃል አላስተማረውም። እጅ ራሱ ነው የሚማረው፤ ሠዓሊ መስመር መሳብን እንደሚማረው።

ቀጭኑ በሜታኖል ስላይዱ ላይ እንዲጸና ይደረጋል፤ ወፍራሙ ሜታኖል እንዳይነካው ይጠበቃል፤ ቀይ ሕዋሶቹ በቀለሙ ውሃ ፈርሰው ተውሳኩና ነጭ ሕዋሱ ብቻ እንዲቀሩ ነው የሚፈለገው። ቀጥሎ ጂምሳ ይፈስበታል፤ ለችኮላ ሥራ 10 በመቶ ለ10 ደቂቃ፣ ጊዜ ካለ 3 በመቶ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ባለሙያዋ ጊዜ በተገኘ ቁጥር የምትመርጠው ሁለተኛውን ነው። ቀስ ብሎ የገባ ቀለም ይጠራል ትላለች፤ የሙያው መመሪያም ከዚህ አይለይም።

ይህ ቀለም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1891 ዲሚትሪ ሮማኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም የወባን ተውሳክ ሲያጠና ሰማያዊውን ሜቲሊን ብሉና ቀዩን ኢዮሲን ቀላቅሎ ሞከረ። የተገኘው ግን ሰማያዊና ቀይ ብቻ አልነበረም፤ የተውሳኩ እምብርት ሁለቱም ቀለሞች ለየብቻቸው የማይሰጡትን ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ። ጉስታቭ ጂምሳ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1904 ቅመማውን አስተካክሎ እንዳይበላሽ አደረገውና ስሙ ለቀለሙ ቀረ። ዛሬም ሾኔ ላይ ጠርሙሱ ሲከፈት ውስጡ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፤ ወይን ጠጁ የሚወለደው ደም ላይ ሲያርፍ ነው።

እና በመጨረሻ፣ አንዲት ጠብታ ዘይት ተደርጎ 100 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ ሲታይ፣ ቀይ ሕዋሶቹ ስስ ሮዝ ሆነው ይተኛሉ፤ በመካከላቸው የነጭ ሕዋሱ እምብርት ጠልቆ ይታያል፤ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ ካጋጠመ ብርቱካንማ ፍሬዎቹን እንደተሸከመ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዝርያ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት ሆኖ አንዳንዴም ሁለት ቀይ ነጥብ ይዞ ይገኛል። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዝርያ የያዘው ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ያበጠ ነው፤ ላዩም በደቃቅ ሮዝ ነጠብጣብ ይሸፈናል። የባለሙያዋ ደብተር ውስጥ ይህ ነጠብጣብ ያለበት ገጽ በጣም የለፋችበት ነው። እርሳሱን በደንብ ቀርጻ፣ ወረቀቱን ሳትጫን፣ ነጥብ በነጥብ ነው የሞላችው።

አንድ የሥራ ባልደረባዋ በዚህ ይቀልድባታል። «ወባ እየሳልሽ ነው የምትውይው? ስላይዱ ያልቃል እኮ!» ይላታል። እሷም «አንተ ቀለሙን ማጥራት ብትችል መሳሉን በተውኩት ነበር» ትለዋለች። ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ። የጂምሳ ውሃ የአሲድነት ልኩ 7.2 አካባቢ መሆን አለበት። ወደ አሲድ ካዘነበለ ሁሉም ነገር ከልክ በላይ ሮዝ ይሆናል፣ የቫይቫክስ ነጠብጣብም ይጠፋል፤ ወደ ሌላኛው ጎን ካዘነበለ ሰማያዊው ይጫናል። ቀለሙ ካልተጣራ ደግሞ ዝቃጩ ስላይዱ ላይ ይቀርና ጀማሪን ተውሳክ መስሎ ያታልላል። እነዚህን ስህተቶች መሣሪያ ቀድሞ አይናገርም፤ የሚይዛቸው «ይህ ሮዝ ትክክለኛው ሮዝ አይደለም» የሚል ዓይን ነው። ከቀለም ጋር ብዙ የዋለ ሰው ማይክሮስኮፑ ውስጥ ከማየቱ በፊት፣ ስላይዱን ወደ መስኮት ቀና አድርጎ ብቻ፣ የዛሬው ቀለም እንዳልሆነ ያውቃል። ታዲያ ይህ የጥበብ ዓይን ነው ወይስ የሙያ? ለይቶ መናገር የሚያስቸግረው እዚህ ጋ ነው፤ መለየቱም ብዙ የሚጠቅም አይመስልም።

ዝም ተብሎ የማይታለፍ ሌላ ጉዳይ አለ። ያ የሚያምር ሰማያዊ ቀለበት የአንድ ሰው ትኩሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን ገድሏል፤ በዚያ ዓመት ተውሳኩን በማይክሮስኮፕ ያዩ ሰዎች ስለ ቀለሙ ማማር አውርተው ከሆነ ማንም አልወደደላቸውም ነበር። ዛሬም አንዘፍዝፎት የመጣ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ተኝቶ እያለ የሱን ደም «ቆንጆ ስላይድ» ማለት ለሰሚው ይከብዳል። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ቃሉ በየቀኑ ይነገራል፤ ለተውሳኩ ማሞገሻ አይደለም፣ ለአሠራሩ ነው።

ባለሙያዋ ይህንን በሥርዓት ፈትታዋለች። ውጤት ሳይወጣ እርሳስ አይነሣም። ወፍራሙ ላይ 100 ፊልድ፣ ማለትም በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ፣ ሳይታይ ኔጌቲቭ አይባልም፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ 200 ነጭ ሕዋስ እስኪሞላ ተውሳኩ ይቆጠራል፣ ለ200 ተካፍሎ በ8,000 ይባዛል፣ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ በመስኮቱ ይወጣል። ስላይዱ ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት ያለችው ጊዜ የእሷ ናት። ደብተሩ ላይ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ አይጻፍም። ሥዕሉ የማን ደም እንደነበረ ከእሷ በቀር ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ከጊዜ በኋላም እሷም ትረሳዋለች።

አንዳንዴ ደብተሩ ያልታሰበ አገልግሎት ይሰጣል። ውጤቱን ያላመነች እናት «ምኑን አይታችሁ ነው?» ብላ በሀዲይኛ ስትጠይቅ ባለሙያዋ ቀድሞ ከሳለቻቸው አንዱን ገልጣ ታሳያታለች። እናትየው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ታዞርና «ይህች ናት እንዴ ልጄን እንዲህ የጣለችው?» ትላለች። «ይህች ናት እናቴ፤ አንዷ ብዙ ትሆናለች፤ መድኃኒቱን አጋምሰሽ እንዳታቋርጪ።» በግድግዳ የተለጠፈ ፖስተር ያላስረዳውን እርሳስ ያስረዳበት ቀን ብዙ ነው።

የወባን ተውሳክ መጀመሪያ ያየው ሰውም ሠዓሊ መሆን ነበረበት። አልፎንስ ላቨራን፣ ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1880 አልጄሪያ ኮንስታንቲን ውስጥ ቀለም ባልተቀባ ደም ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ለሌሎች ማሳያው ዋና መንገድ መሳል ነበር። ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ መንገዱን የከፈተው ሮናልድ ሮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 ህንድ ውስጥ ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ያገኘ ሰሞን ስለ ግኝቱ ግጥም ጽፏል፤ ልቦለድም ነበረው። የስፔኑ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በልጅነቱ ሠዓሊ ለመሆን ሲመኝ አባቱ ወደ ሕክምና ገፉት፤ እሱም የነርቭ ሕዋሶችን በእርሳስና በቀለም ብዕር እየሳለ እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። ሥዕሎቹ ዛሬ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ።

ከሁሉም ለላቦራቶሪ ሰው የሚጥመው ግን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ይህ ሰው ለንደን ውስጥ የቼልሲ ሠዓሊዎች ክበብ አባል ነበር፤ በባክቴሪያም ይሥል ነበር። እያንዳንዱ ባክቴሪያ የሚሰጠው ቀለምና የሚያድግበት ፍጥነት ስለሚለያይ፣ የትኛው መቼ ብቅ እንደሚል አስልቶ ሳህኑ ላይ ይዘራቸዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ዳንሰኛ፣ ወታደር፣ ቤት ሆነው ይወጣሉ። እንዲህ ለመሣል የእያንዳንዱን ባክቴሪያ ጠባይ በልብ ማወቅ ይጠይቃል። ሳህን ላይ ያልተለመደ ነገር ሲበቅል «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚቆም ዓይን ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም፤ ይህ ግን ግምት ነው፣ ማስረጃ አይደለም።

በእኛ አገር ስለ ጥበብ ሲወራ የሚዘወተረው የትቶ መሄድ ታሪክ ነው። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተልኮ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ ሲሄድ የታሰበለት ምህንድስና ነበር፤ የመጣው ግን ቫይብራፎን ይዞ ነው። ሁለቱም ባይለውጡ ኖሮ የጎደለብን ብዙ ነበር። ሆኖም ታሪካቸው ሲደጋገም ጥበብ ያለው ከሙያ ውጭ ነው፣ መጀመሪያ ሥራ መልቀቅ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ ያሳድራል። ሥራውን ሳይለቅ፣ ከሥራው ውስጥ ጥበብ ያገኘ ሰው ስሙ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ምክንያቱም የሚነገር ለውጥ የለውም። ነገም እዚያው ወንበር ላይ ነው።

አፈወርቅ ሲነሣ የሠራው የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት አብሮ ይነሣል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው ያ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ በሦስት የተከፈለ ባለ ቀለም መስታወት አለው፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ጊዜ ይተርካል። እንዲህ ያለው መስታወት ከውጭ በኩል ሲያዩት ድፍን ነው፤ ሥዕል የሚሆነው ብርሃን ከጀርባው ሲያልፍ ነው። ላቦራቶሪ የሠራ ሰው እዚያ አዳራሽ ገብቶ ሲቆም ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። እሱም ቀኑን ሙሉ የሚያየው ቀለም የተቀባ ብርጭቆ ነው፤ ከሥሩ ብርሃን ካልመጣለት የደረቀ እድፍ ነው። ሾኔ ላይ መብራት ሲጠፋ ባለሙያዋ አሮጌውን፣ ባለ መስተዋቱን ማይክሮስኮፕ ታወጣና መስተዋቱን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። የቀትር ብርሃን ስላይዱን ያነጣዋል፤ ደመና ሲሆን ሮዙ ይጠልቃል። በመብራት ብቻ ከሠራች ይህን ልዩነት አታውቀውም ነበር።

እዚያው አካባቢ ቀለምን የሚያውቁ ሌሎችም አሉ። ከሾኔ ወደ ሀላባ ቁሊቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ክብ የሣር ቤቶች ግድግዳቸው በቀለም አጊጦ ይታያል፤ መስመርና ሦስት ማዕዘን፣ አበባ፣ አንበሳ። መንገደኛ መኪና አቁሞ ፎቶ ያነሣል። ግን ግድግዳው ከማማሩ በፊት ጭቃው በጭድ ተቦክቶ፣ ተለስኖ፣ ሳይሰነጠቅ መድረቅ አለበት፤ ልስኑ ካልያዘ ቀለሙ ከአንድ ክረምት አይተርፍም። የባለሙያዋ ደብተር ገጾች በዙሪያቸው የዚያን ግድግዳ መስመር የሚመስል ክፈፍ አላቸው። አስባበት ነው ወይ ሲሏት «እንዲሁ መጣልኝ» ነው የምትለው። ምናልባት በየሳምንቱ በሚኒባስ መስኮት ሲያዩት የኖሩት ነገር እጅ ውስጥ ይገባ ይሆናል።

ከተጣለ ነገር ጥበብ የሚያወጣም አለ፤ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ ሰብስቦ ግድግዳ የሚያህል ሥራ ይሠራል፤ ሥራዎቹ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ታይተዋል። እሱ የሰለጠነ ሠዓሊ ሆኖ ወደ ተጣለው ዕቃ ሄደ፤ የሾኔዋ ሴት ዕቃው አጠገብ ተቀምጣ ነው ሥዕሉ የመጣላት። ሁለቱን ማወዳደሩ ለእሷ ይከብዳታል፤ ይሁን እንጂ የወስፋት እንቁላልን ያንን ቡናማ ወርቃማና ጎርበጥባጣ ሽፋን፣ ወይም የቢልሃርዝያን እንቁላል ከጎኑ የወጣች እሾህ በጥንቃቄ የሳለችበትን ገጽ ያየ ሰው የተጣለ ነገር ላይ ዓይን ማሳረፍ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከሰገራ የበለጠ የተጣለ ነገር የለም።

ማይክሮስኮፕ ራሱ ጊዜው እያለፈበት ነው የሚሉ አሉ። በጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በደቂቃዎች ውስጥ መልስ በሚሰጠው ፈጣን መመርመሪያ ነው የሚጠቀሙት፤ ለገጠር ትልቅ እፎይታ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን የጎደላቸው ፋልሲፓረሞች በአገሪቱ እየተስፋፉ ነው። እነዚህን መመርመሪያው ላያያቸው ይችላል፤ ሌንሱ ሥር ግን ቀለበታቸው እንደ ወትሮው ሰማያዊ ነው።

ለልምምድ የሚመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች ሌላ ጥያቄ አላቸው። ለምን እንስላለን? ስልክ የሌንሱ አፍ ላይ ተደግፎ በአንድ ጠቅታ ያነሣል። ባለሙያዋ ፎቶውን አትቃወምም፤ አንዱን ወጣት ስልኩን ያስወጣችውና ጅራፍ መሳይ የሚባለውን ትል እንቁላል ያስነሣዋለች። ከዚያ ማስተካከያዋን በትንሹ ታዞራለች፤ ሽፋኑ ይጠራል፣ ውስጡ ይደበዝዛል። ደግማ ታዞራለች፤ ውስጡ ይጠራል፣ ሽፋኑ ይጠፋል። ፎቶው ከነዚህ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። የሚስል ሰው ግን እያዞረ አይቶ፣ ሁሉንም ንብርብር አንድ ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ የሙያው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ከፎቶው ጎን ሥዕል የሚያስቀምጡትም ለዚህ ነው።

ወጣቱ እርሳስ ተቀብሎ ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ አንድ የበርሜል ቅርጽ አስረከበ፤ ቡናማው ጥሩ ነበር፣ ጥላውም እንዲሁ።

«ጎበዝ። ግን ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ያለውን ውታፍ ረሳኸው፤ እሱ ከሌለ ይህ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለችውና ስላይዱን መልሳ ከሌንሱ ሥር አስገባችለት።